ፕላስቲክ ዘይትና ውሃ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የምርምር ማመልከቻ ውድቅ ተደርጎ አየሁና ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ማመልከቻው የጠየቀው አንድ ፖሊመር (ፕላስቲክ የሚሠራበት፣ ረጅም ሰንሰለት የሚመስል ሞለኪውል ያለው ቁስ) በሌላ ፖሊመር ገጽ ላይ ክሪስታል ሆኖ፣ ማለትም ሰንሰለቶቹ በሥርዓት ተደርድረው ሲረጉ፣ አቅጣጫውን እንዴት እንደሚይዝ ለማጥናት ነበር። ገምጋሚው የሰጡት ምክንያት ሁለት መስመር አይሞላም። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን የተባሉት ሁለቱ የተለመዱ ፕላስቲኮች ዘይትና ውሃ ናቸው፣ ማጣበቂያ ኬሚካል ከመጨመር ሌላ መላ የላቸውም፣ የክሪስታል አቅጣጫ የማይክሮስኮፕ ጨዋታ ነው። በቃ።

ይሄን የዘይትና የውሃ ምሳሌ መስማት ሰልችቶኛል። ቀልጠው ሳሉ አይዋሃዱም፤ ማን ካደ? ግን ፕላስቲክ የሚያገለግለን ቀልጦ ነው እንዴ? ረግቶ ነው! ፖሊኤቲሊን የሚቀልጠው 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ግን ከ160 በላይ ይፈልጋል። የሁለቱ ድብልቅ ሲቀዘቅዝ ታዲያ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊኑ ቀድሞ ይረጋል፣ ፖሊኤቲሊኑ ደግሞ ገና ፈሳሽ ሆኖ ያንን ጠጣር ገጽ ይነካዋል። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህች ጋ ነው። ዘይትና ውሃ ይችን ቅጽበት አያውቋትም።

ያ የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ለጥ ያለ አይደለም። ሜቲል የሚባሉት፣ ከሰንሰለቱ ወደ ጎን የወጡ ትንንሽ የአቶም ቡድኖች በረድፍ ቆመው በመሃላቸው እንደ እርሻ ትልም ያለ መስመር ይተዋሉ። ከትልም እስከ ትልም ወደ 0.5 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። የፖሊኤቲሊን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሲተኙስ ምን ያህል ይራራቃሉ? 0.49 ገደማ። ልክክ ይላሉ! በርናር ሎትዝና ዣን ክሎድ ዊትማን ስትራስቡርግ ላይ ሆነው ይሄን በ1980ዎቹ አስረድተውናል። ደግሞ ትልሞቹ ከፖሊፕሮፒሊኑ ሰንሰለት ጋር ትይዩ አይሄዱም፣ 50 ዲግሪ ያህል ያጋድላሉ፤ ስለዚህ እላያቸው ላይ የሚያድገው ፖሊኤቲሊንም አጋድሎ ይተኛል። የፖሊፕሮፒሊኑ ክሪስታሎች አሥር ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ስስ ንጣፎች ናቸው፣ በመሃላቸው ሥርዓት የሌለው ልል ክፍል አለ። ያጋደለው የፖሊኤቲሊን ንጣፍ ያንን ልል ክፍል ተሻግሮ ብዙ የፖሊፕሮፒሊን ንጣፎችን ባንዴ ይይዛቸዋል፣ ልክ ማገር ቋሚዎቹን አቋርጦ ግድግዳውን እንደሚያስረው። አቅጣጫ ትርጉም የለውም የሚል ሰው ቋሚና ማገሩን ባንድ አቅጣጫ አቁሞ ግድግዳ ይሥራና እንየው።

ቴፍሎንን ደግሞ አስቡት። ምንም አይጣበቅበትም ብለን የምንገዛው ቴፍሎን! በጋለ መስታወት ላይ ተጭናችሁ ስትጎትቱት ሰንሰለቶቹ በተጎተቱበት አቅጣጫ የተሰለፉ እጅግ ስስ ሽፋን ይተዋል። ዊትማንና ፖል ስሚዝ በ1991 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ ያ ሽፋን ላይ ሌሎች ፖሊመሮችና ብዙ ዓይነት ቁሶች አቅጣጫውን ይዘው ያድጋሉ። ማጣበቂያ የጨመረ አልነበረም።

እኔም የቴፍሎን ክር በቀለጠ ፖሊፕሮፒሊን ውስጥ አስገብቼ፣ በመስቀል በተቀመጡ ሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መሃል ሲቀዘቅዝ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከክሩ ራቅ ብሎ ክሪስታሎቹ ክብ ክብ እየሆኑ እዚህም እዚያም ይፈነጥቃሉ። ክሩ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚጀምሩ ወደ ጎን መስፋፊያ ያጣሉ፣ ተጠጋግተው ወደ ውጭ ብቻ ያድጋሉ። የሚያበራ ጠርዝ ይሠራል፣ ዳር እስከ ዳር። ይሄን ያየ ሰው ገጽ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው ብሎ መጻፍ አይችልም።

ማጣበቂያው አይሠራም አላልኩም። በ2017 የኮርኔልና የሚኒሶታ ተመራማሪዎች ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊንን በአንድ ሰንሰለት ቀጣጥለው የሠሩት ኮፖሊመር ጥቂቱ ብቻ ተጨምሮ ድብልቁን አጠንክሮታል። ግን ክፍሎቹ ምን አድርገው ነው የሚይዙት? እያንዳንዳቸው ከወገናቸው ጋር ተጠላልፈው፣ አብረው ክሪስታል ውስጥ ገብተው ነው እኮ! ገምጋሚው መፍትሔ ያሉት ነገር ራሱ ያለ ክሪስታል አይቆምም።

ድብልቅ ውስጥ ገጹ ሁሉ በሥርዓት አይገኝም ይባል ይሆናል። አዎ፣ አይገኝም። በምን ፍጥነት ቢቀዘቅዝ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ቢቆይ፣ ምን ያህል ተስቦ ቢረጋ ይገኛል? ማመልከቻው ሊለካ የነበረው እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው፤ በሁለት መስመር የተዘጋውም ይሄው ነው።