ማስተካከያ፦ የምግብ ማጓጓዣ በካርቦን ልቀት ውስጥ ስላለው ድርሻ

በለገጣፎ ዙሪያ የሚኖሩ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን የምግብ ፍጆታ በተመለከተ ባለፈው ሳምንት ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ ከምግብ ለሚመነጨው የካርቦን ልቀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ማጓጓዣ እንደሆነ ገልጬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ጆሴፍ ፑር እና ቶማስ ኔሜቼክ ከ119 አገሮች የእርሻ መረጃ ሰብስበው በ2018 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በዓለም አማካይ የማጓጓዣው ድርሻ ከምግብ ልቀት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ዋናው ክፍል የሚመነጨው ከእርሻው፣ ከከብት እርባታውና ከመሬት አጠቃቀም ለውጥ ነው።

ስለዚህ ከመቂ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣውን ሽንኩርት ትቶ የአካባቢውን መግዛት ልቀትን በእጅጉ ይቀንሳል ያልኩት ምክር አይጸናም። ልዩነት የሚያመጣው በይበልጥ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው፤ ከብት ሲያመሰኳ የሚያወጣው ሚቴን የተባለ ጋዝ በ100 ዓመት ጊዜ ሲሰላ ከእኩል መጠን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ስለሚያምቅ፣ የአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ልቀት ከአንድ ኪሎ ምስር በብዙ እጥፍ ይበልጣል (ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ቤት ሳያስበው ብዙ ቀንሷል ማለት ነው)። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገረው እንጀራ ልቀቱ አነስተኛ ነው ብዬ የጻፍኩት ግን አይለወጥም፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነውና።