እጃቸው ይባረክ

እናቶቻችን ጥሩ ወጥ ለሠራች ሴት «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። እኔ ዛሬ ይህን ምርቃት ከጓዳ አውጥቼ ለአንድ የምክር ቤት ሰው ልሰጥ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ብትጠይቁ ሁሉም የየራሱን ይነግራችኋል።

የኛ የተከበሩ የክልሉ ምክር ቤት የገቡት በ1992ቱ ምርጫ ነው። በንብ ገቡ። ንቧ ስትሄድ በአምፖል ቀጠሉ። በመሀል ብአዴን አዴፓ ሆነ፣ አዴፓም ብልጽግና ውስጥ ገባ። ባጁ ተቀየረ እንጂ እጁ አልተቀየረም። የ2012ቱ ምርጫ በኮሮና ሲራዘምም ቅር አላላቸውም። አምስት ዓመት ተብሎ ስድስት የሚሰጥ ሥራ የት ይገኛል?

የጥንት ሰው ለሹም እጅ ይነሣ ነበር። እሳቸው እጅ ያነሣሉ። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብትሆን ነው።

ፍጥነታቸውስ! አፈ ጉባዔው «የሚደግፍ?» ብለው እስኪጨርሱ አይጠብቁም፤ «የሚ…» ላይ እጃቸው ወጥቷል። አንድ ቀን ታዲያ አፈ ጉባዔው ቅደም ተከተሉን አፋልሰው «የሚቃወም?» ብለው ጀመሩ ይባላል። የኛ ሰው እጅ በልማዱ «የሚ…» ላይ ተሰቅሏል። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እጃቸውን ሳያወርዱ ጭንቅላታቸውን አከኩ። ረጋ ብለው፣ አናታቸውን፣ ከዚያ ከጆሯቸው ጀርባ። «የሚደግፍ?» ሲባል ማከኩን ትተው ዘረጉት። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተጨበጨበ።

ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት የሚሏቸው ምቀኞች ናቸው። ተናግረዋል። «ክቡር አፈ ጉባዔ፣ ማይኩ አይሰማም» ብለዋል። ተሠራላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚያስቸግር ነገር አልገጠማቸውም።

ከደሴ ባሕር ዳር ሲሄዱ ሐይቅን አልፈው ውጫሌን ያቋርጣሉ። እዚያው አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው በ1881 ያ ውል የተፈረመው። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቃል ጦስ ሰባት ዓመት ቆይተን አድዋ ደረስን። የኛ የተከበሩ ይህን ታሪክ ጥንቅቅ አድርገው ያውቁታል፤ በየሰርጉ ዳስ ለሙሽራው ቤተሰብ ይተርኩታል። «አንብቦ መፈረም ማለት ይሄ ነው!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ውጫሌ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ናቸው። የዕለቱን ረቂቅ አዋጅ ሁለት ላይ አጥፈው በጉንጫቸውና በመኪናው መስታወት መሀል ያስገቡታል። ወፈር ያለ አዋጅ ይወዳሉ፤ ለአንገት ደግ ነው።

ለእረፍት ሲመጡ መራጩን ያወያያሉ። አንዲት እናት ቡና እያቀረቡ «የኔ ልጅ፣ ያኔ የነገርንህ የውሃው ነገርስ?» አሏቸው። «ደብተሬ ላይ አለ እማማ፣ ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን።» እውነታቸውን ነው፣ አለ። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል።

ደግሞ እሳቸውን ብቻ ማመስገን ግፍ ነው። ይህን እጅ ያሰለጠንነው እኛ ነን። ባለፈው በዕድራችን ስብሰባ ሊቀመንበሩ አንድ ነገር አነበቡ። እኔ ከጎኔ ካለው ሰውዬ ጋር የጤፍ ዋጋ ይዣለሁ። «የምትደግፉ?» ሲባል ሁሉም አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። የቡና ሲኒዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ወር መግቢያ ላይ ገንዘብ ያዡ መጥተው ጭማሪውን ሲጠይቁኝ «ማን ወሰነ?» ብዬ ጮህኩ። «እርስዎም አሉበት» አሉኝ። ሲኒዋን ጭምር አስታወሱኝ።

ሰሞኑን ሱሪ ላሳጥር ልብስ ሰፊያችን ጋ ጎራ ስል የተከበሩ ኮት ተሰቅሎ አገኘሁ። ግራው እጅጌ ገና ከሱቅ እንደወጣ ነው። የቀኙ ብብት ግን ተተርትሯል፤ እላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ተጥፏል። ሰፊው ጣቱን በቀዳዳው አሳልፎ አሳየኝና ሳቀ።

«ዘንድሮ ትንሽ ሰፋ አርግልኝ ብለውኛል» አለኝ።