ሲነዳ ቤንዚን የሚጨምር መኪና

የአክስቴ ልጅ መኪና ገዛ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው ቤቱ እንደታሰረ ይቆጠራል። ሄጄ ሳየው ግን መኪናው ጣሪያ የለውም። የጎማ መከለያም የለውም። ኮፈኑም የለም፤ ሞተሩ ዕርቃኑን ቁጭ ብሏል።

«ሰረቁህ እንዴ?» አልኩት።

ተቀየመኝ። «ሆት ሮድ ነው» አለ። ያቺን ቃል ሲናገር ድምፁ ራሱ ወፈር አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና በተፈላበት ሁሉ ታሪኩን እንሰማለን። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ተራው ሰው በሚችለው ዋጋ አወጣ። የካሊፎርኒያ ጎረምሶች አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ ክብደት የሚጨምረውን ሁሉ እያወለቁ፣ በረሃ ወርደው ሙሮክ በሚባለው ደረቅ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ሆት ሮድ ማለት እንዲህ የተገፈፈ መኪና ነው። (ቦታው ዛሬ የአየር ኃይል ሰፈር ነው።) ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ ገበያው በተራረፈ የጦር ዕቃ ተጥለቀለቀ። የጦር አውሮፕላን ትርፍ ነዳጅ የሚይዝበትን ታንክ ገዝተው፣ ጎማ ገጥመውለት፣ ውስጡ ገብተው የነዱም አሉ። ዳሽቦርድ ላይ የአውሮፕላንና የጀልባ ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) የመግጠም ነገርም ያገኙትን ከመጠቀም የመጣ ነው። እነሱ የገጠሙት ርካሽ ስለነበረ ነው። የአክስቴ ልጅ የገጠመው ውድ ስለሆነ ነው።

ዕቃውን ያመጣው ከፖሞና ነው። ፖሞና የአሮጌ መኪና ገበያ አለ፤ ምናለሽ ተራን አስፋልት ላይ ዘርግታችሁ አስቡት። ዘጠኝ የጀልባ ጌጅ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ገባ። አንዱን እጄ ላይ አኖረልኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። እንደ ድሮ የኪስ ሰዓት ከበድ ይላል። መስታወቱ ጠፍጣፋ አይደለም፣ እንደ ዓይን ወደ ውጭ ያበጠ ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭ የነበሩ፣ አሁን እርጎ የመሰሉ። ጠርዙ ላይ ጨው የበላው ምልክት አለ። ባሕር አይቶ የመጣ ዕቃ ነው።

«ስንት ገዛኸው?» አለች ሚስቱ።

«ስልሳ ዶላር።»

አልዋሸም። የትንሹን ዋጋ ነው የነገራት።

ሁለት ወር ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተቀብሮ ገጠማቸው። አልቆ ሲጠራን ዳሽቦርዱ የመርከብ አለቃ ክፍል መስሏል። ችግሩ፣ ጀልባ መኪና አይደለም። ለምሳሌ የፍጥነቱ ጌጅ። ጀልባ ላይ ከሆድዋ በታች አንዲት ቀጭን ቱቦ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ጀልባዋ በፈጠነች ቁጥር ውሃው ቱቦዋን ይገፋል፣ ግፊቱ ቀስቱን ያነሳል። የእኛ መኪና የሚሄደው አስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ በሰዓት 65 ማይል እየበረርን ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል። «ፖሊስ ቢያስቆመኝ አሳየዋለሁ» ይላል የአክስቴ ልጅ። ትክክለኛውን ፍጥነት የሚያየው ጉልበቱ ላይ ካስቀመጠው ስልክ ነው።

መሪው ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚያሳይ ጌጅም አለ። ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። ሁልጊዜ በስተግራ ነን።

ሰዓት ቆጣሪው ግን ይሰራል። ጀልባ የሄደችበትን ኪሎ ሜትር አትቆጥርም፤ የሚቆጠረው ሞተሯ የሰራበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሳቅኩበት። ኋላ ሳስበው ለዚህ ከተማ የተሰራ ጌጅ ይሄ ብቻ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ኢንግልውድ ምን ያህል ይርቃል?» ብለህ ስትጠይቅ ማይል የሚነግርህ የለም። «እንደ ትራፊኩ ነው፣ አርባ ደቂቃ» ነው መልሱ።

የሁሉም ንጉሥ የቤንዚኑ ጌጅ ነው። ቤንዚን ሞልቶ ሲወጣ ቀስቱ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሲነዳ፣ ሲነዳ፣ ቀስቱ ይወጣል። ሎንግ ቢች ደርሶ ሲመለስ ሙሉ ሊሆን ምንም አይቀረው። እኔ የዳሽቦርድ ሊቅ አይደለሁም፤ ግን ሲነዳ ቤንዚን የሚጨምር መኪና ካለ ይሄን ያህል ጦርነት ለምን እንደሚደረግ ገርሞኝ ጠየቅሁት።

«የድሮ ሞተር እኮ ቆጣቢ ነው» አለኝ።

እኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ አሉ። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ምጽዋ፣ «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል። አንድ ቅዳሜ ዳሽቦርዱን እንዲያዩለት ጠራቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ። ዘጠኙን አንድ በአንድ፣ ዘብ እንደሚጎበኝ መኮንን አለፉባቸው። መጨረሻ ላይ የዘይቱን ጌጅ በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት። ቀስቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ፈገግ አሉ።

«አውቃቸዋለሁ» አሉ። «የእኛም መርከብ የአሜሪካ አሮጌ ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ ሰርተው፣ ተጠቅመውባት፣ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ሰጡን። አሞግሰን፣ ቀለም ቀብተን፣ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ አደረግናት። በስተመጨረሻ የመን ተሰደደች። ኋላም ለቁራጭ ብረት ተሸጠች አሉ።»

የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። «ጋሼ! ምናልባት እነዚህ ከእሷ የወጡ ይሆኑ?»

«ልጄ፣ ይሄ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ዕቃ ነው። የእሷ ጌጅ ትሪ ያክላል።»

በሳምንቱ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን፣ ከኋላዬ «የጦር መርከብ ጌጅ ነው» ሲል ሰማሁት።

ጋሼ ያን ቅዳሜ ሊሄዱ ሲሉ መለስ አሉና «ሰልባቲዮው የምንድነው?» ብለው ስለ ቤንዚን ታንኩ ጠየቁት።

«የሸቭሮሌ።»

«ጌጁስ?»

«የጀልባ።»

«ተዋውቀዋል?»

ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩ የፈነዳው ክርስትና ስንሄድ ነው። እኔ ጎኑ ተቀምጫለሁ፤ ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሻለሁ፤ ጭኔ ላይ ገና ከምድጃ የወጣ ድፎ ዳቦ አለ። (ኮባ የለማ፤ የተጠቀለለው ከሜክሲኮዎች ሱቅ በተገዛ የሙዝ ቅጠል ነው። ሽታው ግን ያው ነው፣ አገር ቤት ይወስዳል።) ቁጥር 405 አውራ መንገድ ላይ እንደወጣን ግራ ጉልበቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። የዳቦው ሙቀት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞ ሞቅ አለኝ። ቀና ሳደርገው ሱሪዬ ላይ የብር ሳንቲም የሚያክል ጥቁር ነጥብ አለ። ሦስተኛዋ ጠብታ ከዳሽቦርዱ ስር ስትወርድ በዓይኔ አየኋት።

የዘይቱ ጌጅ ነው። በኤሌክትሪክ አይሰራም። ቀጭን የመዳብ ቱቦ የሞተሩን ዘይት እዚያው ትኩሱን እስከ ጌጁ ጀርባ ያመጣዋል። ከዘጠኙ ከሰዓት ቆጣሪው ሌላ ከልቡ የሚሰራው እሱ ነበር፤ ልብሴን የጨረሰውም እሱ ነው።

«ዘይቱ እያንጠባጠበ ነው!»

«ግፊቱ ግን ጥሩ ነው፣ እየው» አለኝ በኩራት።

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ መኪናው አሳለው። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ዝም። እንደምንም ወደ ጠርዝ አወጣው። የጭነት መኪና በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ዳቦውም እኛም እንወዛወዛለን።

«ቤንዚን ይሆን?» አልኩት።

«ቤንዚን ሊሆን አይችልም! አታይም እንዴ?» የቤንዚኑ ቀስት ከሙሉ አልፎ ማለፊያ እስኪያጣ ተለጥፏል። ወርዶ ካንዴላ ነካካ። ካርቡራተሩን አንኳኳ። ሽቦ ሳበ። አርባ ደቂቃ። አርባ መሆኑን ያወቅሁት ቁልፉን ስላላጠፋው ሰዓት ቆጣሪው ሲቆጥር ስለነበር ነው። እሱ ብቻ ሥራውን አልተወም።

በመጨረሻ ጋሼ ዘንድ ደወልን። «ምን ሆናችሁ» አላሉም። «የት ናችሁ» ብቻ። ሲደርሱ በእጃቸው ቀይ ጀሪካን ይዘዋል፣ ሙሉውን። የአክስቴ ልጅ ጀሪካኑን ሲያይ ወደ መሬት አቀረቀረ።

እየቀዱ አስረዱን። ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለች፤ ከፍ ዝቅ ስትል ለጌጁ በኤሌክትሪክ ትነግረዋለች። የአሜሪካ ጀልባ ጌጅ 240 ኦም (የኤሌክትሪክ እንቅፋት መለኪያ ነው) ሲደርሰው «ባዶ» ይላል፣ 33 ሲደርሰው «ሙሉ»። የሸቭሮሌው ታንክ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ባዶ ሲሆን ዜሮ፣ ሲሞላ 90 ይልካል። ታንኩ «አለቀብኝ» ብሎ ሲጮህ ጌጁ የሚሰማው «ጢም ብያለሁ» ነው።

«ሐበሻ በለው» አሉ ጋሼ። «ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ እንዴት ነህ ሲሉት እግዜር ይመስገን፣ ሙሉ ነኝ የሚል።»

እኔ ሳቅኩ። የአክስቴ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ኪራይ አበድሬው ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው አሉ፤ ከጌጁ ጋር የሚግባባ ተንሳፋፊ ገዝቶ መቀየር። የከሰዓት ሥራ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ፈጽሞ አይሆንም አለ። አዲስ ዕቃ ከገባ ኦሪጅናልነቱ ይበላሻል። እንግዲህ ፎርድ ላይ የሸቭሮሌ ሞተርና የጀልባ ጌጅ የገጠመ ሰው ነው ስለ ኦሪጅናል የሚያወራው።

ጋሼ አልተከራከሩም። አዲስ አበባ ሳሉ የነበራቸው አሮጌ ቮልስ የቤንዚን ጌጅ የሚባል ነገር አልነበረውም። መንተፋተፍ ሲጀምር ከእግር ስር ያለችውን መዝጊያ ወደ መጠባበቂያው ማዞር ነው፤ ጠንቃቃ የሆነ ደግሞ ዘንግ ያስገባል። በማግስቱ የመጥረጊያ እጀታ ቆረጡ። ቤንዚን በጋሎን እየለኩ ቀዱ፣ ዘንጉን ነከሩ፣ የረጠበበት ላይ በቢላ ጫሩ። አስራ ሁለት ጭረት። ከታች ያሉት ሁለቱ ጠለቅ ያሉ ናቸው፣ በጨለማ በጣት እንዲታወቁ።

ባለፈው እሁድ የአሮጌ መኪና ትርኢት ላይ ይዞት ቀረበ። ዘንጉን ቫርኒሽ ቀብቶታል፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ቆብ አድርጎለታል፤ ከዳሽቦርዱ ጎን በሁለት የቆዳ ማሰሪያ ሰቅሎታል። ሰዉ ዘጠኙን ጌጅ አየት አድርጎ ያልፍና ዘንጉ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጭረቶቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ከየትኛው መርከብ የወጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የአክስቴ ልጅ ጋሼን አየ። ጋሼ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ተነሱ፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ከምጽዋ ነው» አሉ።