ሥልጠናው ከአዳራሽ ወደ ሱቅ ይውጣ

በአዲስ አበባ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጥቂት ገባ ብሎ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ፌሮ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረው ይገኛሉ። ባለፈው ዓመት ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን አሳልፌአለሁ። አብረውኝ የነበሩት የዱቤ ሽያጭ የሚመዘግብ የስልክ አፕሊኬሽን የሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ የቀጠራቸው ሁለት ወጣት ፕሮዳክት ማናጀሮች (ምን ይሠራ፣ ምን ይቅደም ብለው የሚወስኑ ሠራተኞች) ሲሆኑ፣ እኔም የተጠራሁት በአጃይል፣ ማለትም ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ ከተጠቃሚው በሚገኝ አስተያየት በሚያሻሽሉበት አሠራር፣ እንዳሠለጥናቸው ነበር። ሁለቱም ቀደም ሲል በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ ስፕሪንት (ሥራ የሚከፋፈልበት አጭር የጊዜ ገደብ)፣ ባክሎግ (በቅደም ተከተል የተደረደረ የሥራ ዝርዝር) እና ሬትሮስፔክቲቭ (ያለፈውን አሠራር መገምገሚያ ስብሰባ) ምን እንደሆኑ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አፕሊኬሽናቸውን ከሚጠቀም ነጋዴ አጠገብ ግን ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

ባለሱቋ ሒሳባቸውን ለዓመታት በደብተር ሲይዙ የኖሩ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለአንድ ገዢ 6 ኩንታል ሲሚንቶ በዱቤ ሰጥተው በሁለቱ ወጣቶች እርዳታ ስልኩ ላይ ሲያስገቡ፣ ስልኩ 2፡00 ብሎ መዘገበው። ማምሻውን ከደብተራቸው ጋር ሲያመሳክሩ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሸጡት ሌላ ዕቃ መሰላቸውና ግራ ገባቸው፤ ቀና ብለውም «ልጄ፣ ይኼ ስልክ የእኔን ሰዓት አያውቅም» አሉ። ችግሩ በሰዓቱ ብቻ አላበቃም። ገዢው መስከረም 20 እከፍላለሁ ብሎ ሄዷል፤ አፕሊኬሽኑ የሚያሳየው የቀን መቁጠሪያ ግን የፈረንጆቹን ነው። አፕሊኬሽኑ የተበዳሪውን የአባት ስምና የስልክ ቁጥር ካልሞሉለት አያልፍም፤ በደብተሩ ላይ ግን ሰውየው «የሲኖትራኩ ሾፌር ታናሽ ወንድም» ተብሎ ተጽፏል፤ ለባለሱቋም ከዚህ የበለጠ የሚያስታውሳቸው ስም የለም። ከሁሉም በላይ ልጆቹን ያስደነገጣቸው የወለድ መጠን የሚሞላበት ሣጥን መኖሩ ነበር። የሥራ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ዱቤን «ክሬዲት» ብለውት ነበርና፣ ፕሮግራመሩ የባንክ ብድር መስሎት ወለድ ጨመረበት። የሰፈር ዱቤ ወለድ የለውም።

ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ታቅዶ የነበረው ሥራ ባለ ቀለም የወርኃዊ ሽያጭ ሠንጠረዥ ነበር። በማግስቱ ልጆቹ ያንን ወደ ባክሎጉ ግርጌ አውርደው፣ የኢትዮጵያን የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር እንዲሁም እንደ ነጋዴው ልማድ የሚጻፍ የተበዳሪ ስም ከላይ አስቀመጡ። እኔ በበኩሌ አጃይልን የተማሩት በዚያ ጠዋት ነው ብዬ አምናለሁ።

የአጃይል ማኒፌስቶ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ስኖውበርድ በሚባል ሥፍራ በተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም የሚሠራ ሶፍትዌር ከተንዛዛ ሰነድ፣ ከደንበኛ ጋር ተባብሮ መሥራት ከውል ክርክር፣ ለለውጥ ምላሽ መስጠትም ዕቅድን ሙጥኝ ከማለት ይበልጣል የሚል ነው። በእኛ አገር የሚሰጡት ሥልጠናዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት ስክረም በተባለው የአጃይል ዘዴ የስብሰባ ሥርዓት ላይ ነው፤ ስፕሪንት ከአንድ ወር አይበልጥም፣ የየዕለቱ ስብሰባ 15 ደቂቃ ነው፣ የአንድ ወር ስፕሪንት ዕቅድ ቢበዛ በ8 ሰዓት ይጠናቀቃል የሚሉትን ማለቴ ነው። እነዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ከባዱ፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገውን ሥራ «ለአሁን አይሆንም» ብሎ ማቆየትን መማር ነው፤ እሱም በምክንያት ካልተደገፈ አይጸናም፣ ምክንያቱም የሚገኘው ተጠቃሚው ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ ሥልጠና ብቻውን የማይፈታው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰው የስክረም መመሪያ የፕሮዳክት ኦውነርነት (የባክሎጉን ቅደም ተከተል የመወሰን) ኃላፊነት የአንድ ሰው እንጂ የኮሚቴ እንዳልሆነ፣ ሰውየው እንዲሳካለትም መላው ድርጅት ውሳኔውን ማክበር እንዳለበት በግልጽ ያስቀምጣል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ድርጅት፣ ሰኞ ተስማምተን ያጸደቅነው የስፕሪንት ዕቅድ ረቡዕ ማታ በሥራ አስኪያጁ አንድ የስልክ ጥሪ ይፈርስ ነበር። ፕሮዳክት ማናጀሯ ጎበዝ ነበረች፤ ይሁንና ሥራዋ ከአለቃ ወደ ፕሮግራመር መልእክት ማድረስ ብቻ ሆኖ ቀረና በመጨረሻ ለቀቀች። ዛሬም ድረስ ያ ነገር ይቆጨኛል፤ እሷን ወደ ሥልጠና ስንልክ ሥራ አስኪያጁንም አብረን መላክ ነበረብን። ስለዚህ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን እንዳሠለጥንላቸው ሲጠይቁኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ቀን አብሮ እንዲቀመጥ ነው።

የውል ጉዳይም አለ። ሥራው በጨረታ የተገኘ ከሆነ የሚሠራው ሁሉ ከመነሻው በሰነድ ተቆልፎ፣ ክፍያውም ከመጨረሻው ርክክብ ጋር ይታሰራል። ይህ ለለውጥ ቦታ ስለማይተው፣ ሠልጣኙ ቢያንስ ርክክቡን በየክፍሉ ከፋፍሎ መደራደርን መልመድ ይኖርበታል።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ ልማትንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ዕውቀት ለብዙ ወጣት ያዳረሰ መልካም ጅምር ነው። እኔ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቀው በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆችም ኮድ መጻፍ አያቅታቸውም። ኮድ የሚጽፉ እጆች በበረከቱ ቁጥር ምን ይጻፍ፣ ምንስ ይቆይ ብሎ የሚወስን ሰው የበለጠ ያስፈልጋል፤ ይህን ሰው በማፍራት ረገድ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።

እንደ እኔ ከሆነ ጀማሪ ፕሮዳክት ማናጀር ቢያንስ ለስድስት ወር ልምድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ፣ በየሳምንቱ አንዱን ቀን ተጠቃሚው በሚሠራበት ቦታ ማሳለፍ አለበት። የሚሠራውን ነገር መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ተጠቃሚው በተናገረበት ቃል ይጻፈው፤ ፕሮግራመሩ ሲሞክረውም አጠገቡ ይቀመጥ። በስፕሪንቱ ማብቂያ ግምገማ ላይም ከአለቆቹ ይልቅ ባለሱቋ ወንበር ያግኙ። በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ነው የሚሉኝ የኩባንያ ባለቤቶች አሉ፤ የደመወዝና የቤት ኪራይ ጫናቸውን ስለማውቅ ስጋታቸውን አልንቀውም። ያቺ የወለድ ሣጥን ግን ተሠርታ፣ ተፈትሻ፣ ኋላም እስክትወገድ የሦስት ሰዎችን ድካም በልታለች፤ አንድ ሰው ከሱቁ ደርሶ ስለ ዱቤ ለአሥር ደቂቃ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ ባልተሠራች ነበር።

ሁለቱ ወጣቶች አሁን ሐሙስ ሐሙስ ወደዚያ ሱቅ ይሄዳሉ። በቅርቡ ሳገኛቸው በባክሎጋቸው አናት ላይ የነበረው ሥራ በባለሱቋ አንደበት የተጻፈ ነው፦ «ሰውየው ከፋፍሎ ሲከፍለኝ የቀረብኝን ብር ከስሙ ጎን አሳየኝ»።