አምስቱም ስፒከሮች ቡፌው ላይ

ስለ 5.1 ሆም ቲያትር አቀማመጥ መሐንዲሶች የጻፉትን መመሪያ ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊዎቹ የአዲስ አበባን ሳሎን አይተውት እንደማያውቁ ወዲያው ይረዳል። በእነሱ ሐሳብ አንዱ ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር ሆኖ የተዋንያኑን ንግግር ያሰማል፤ ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ ቆመው ሙዚቃውን ይከፋፈላሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ከተመልካቹ ጎን ወይም ኋላ ተሰቅለው ዝናቡን፣ ጥይቱንና የሚያልፈውን ሄሊኮፕተር ያመጣሉ፤ «ነጥብ አንድ» የተባለው ሳብዉፈር ደግሞ ወለል ላይ ተቀምጦ ወፍራሙን ድምፅ ይሸከማል። በእኛ ሳሎን ግን ቡፌ አለ። እንግዳ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ቡፌው ነው፤ ከሶፋ ጀርባ ተሰቅሎ ለማይታይ ስፒከር ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ አባወራ የለም። ስለዚህ አምስቱም ፎቶ ለመነሣት እንደተሰለፉ ሚዜዎች ቴሌቪዥኑን ግራና ቀኝ አጅበው ይቆማሉ፤ በየራሳቸው ላይ ዳንቴል ይደፋላቸዋል፤ ከተመልካቹ ጀርባ መተኮስ የነበረበት ሽፍታም ከብርጭቆዎቹና ከስኒዎቹ መካከል ይተኩሳል። ለኋላዎቹ ስፒከሮች የተሰጠው ረጅም ሽቦ ማሰሪያው ሳይፈታ ቡፌው ሥር ይኖራል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ልጆቹን ይጠልፋቸዋል» ይባላል። ከመመሪያው ጋር የሚስማማው ሳብዉፈሩ ብቻ ነው፤ እሱም አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ባሱ በመታ ቁጥር የአበባው ማስቀመጫ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፤ ሊወድቅ ሲል የቤቱ እመቤት ተነሥታ ወደ መሃል ትመልሰዋለች፤ ዘፈኑ ሲቀየር ጉዞው እንደገና ይጀመራል።

ዕቃው ሲገዛም የተመረመረው በጆሮ ሳይሆን በካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ 10,000 ዋት ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ከጎኑ ፒኤምፒኦ የሚል ምልክት በደቃቁ ይከተላል፤ ይህም ማለት መሣሪያው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ፣ አምራቹ ራሱ በመረጠው መለኪያ፣ ያን ያህል ጮኸ ተብሎ ይታመንለት ማለት ነው። የዚያው መሣሪያ ጀርባ ሲገለበጥ ከግድግዳው የሚወስደው ኃይል 60 ዋት እንደሆነ ይነበባል። 60 ዋት ገብቶለት 10,000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ በእርግጥ ቢገኝ ኖሮ፣ የህዳሴውን ግድብ መገንባት ባላስፈለገ ነበር። ዋቱ በእርግጥ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨመረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህንን ግን ለሻጩም ለገዢውም መንገር ጸብ ከመፈለግ ይቆጠራል።

በሚገጠምበት ቀን ቡና ይፈላል፤ ቡና ከተፈላ ደግሞ አማካሪ አይጠፋም። የሚስት ወንድም ካቻቢቴ ይዞ ይመጣል፤ ኮምፒውተር የተማረው የአክስት ልጅ በስልክ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከታች ቤት የመጡት ሽማግሌ ደግሞ ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ ዝም ብለህ አያይዘው። የእኛ ሬዲዮ አንድ ስፒከር ብቻ ነበረው፤ ግን የሚያወራው ሁሉ ይገባን ነበር» ይላሉ። በዚህ ሁሉ ምክር መካከል ማንም የማያነሣው ነገር ፕላስና ማይነስ ነው። የስፒከር ሽቦ ሁለት ዘርፍ ያለው፣ በአንደኛውም ላይ ቀይ ቀለም ወይም መስመር የተሠመረበት ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱም ስፒከሮች ሽቦ ቢገለበጥ ችግር የለውም፤ የአንዱ ብቻ ሲገለበጥ ግን አንደኛው ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ባሱም እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀራል። አባወራው ባሱ መሳሳቱን ሲሰማ ዕቃውን «ቻይና ነው» ብሎ ይፈርድበታል፤ ባሱን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። መፍትሔው የ1.5 ቮልት ባትሪ ብቻ ነበር፤ የባትሪው ፕላስ የስፒከሩን ፕላስ፣ ማይነሱም ማይነሱን ለአፍታ ሲነኩ የስፒከሩ ተንቀሳቃሽ ሸራ ወደ ውጭ ቢዘል ምልክቱ ትክክል ነው። ነገር ግን በቤቱ ያለው ባትሪ የሪሞቱ ነው፤ ተከታታይ ድራማ በሚታይበት ሰዓት የሪሞት ባትሪ ለማውጣት የሚደፍር ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

መኪና ላይ ነገሩ ይከፋል፣ ምክንያቱም የመኪና ስፒከር የሚገጠመው ውጭ ላለው ሕዝብ ነው። ቪትስ የገዛ ወጣት ጎማውን ሳይቀይር ስፒከሩን ይቀይራል። የቴፑ ፊት ላይ 50 ዋት በ4፣ ማለትም ለአራቱ ስፒከሮች ለእያንዳንዳቸው 50 ዋት፣ ተብሎ ተጽፏል፤ በ12 ቮልት ባትሪና በ4 ኦም ስፒከር (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ሲለካ ግን እያንዳንዱ ቻናል ሳይንተፋተፍ የሚያወጣው ወደ 20 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየር ይጨመራል፤ ለዚህም አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። በአብዛኞቹ ቴፖች ነጩ ሽቦ ለፊት ግራ፣ ግራጫው ለፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው ለኋላ ግራ፣ ሐምራዊው ለኋላ ቀኝ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበትም ማይነሱ ነው። መኪናዋ ግን ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጋገር ሽቦዋ ሁሉ ተቆራርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ልጅም ቀለም አይጠይቅም። ሽቦውን በፊት ጥርሶቹ ነክሶ ይስባል፣ ልጣጩን በበሩ በኩል ይተፋል፣ የመዳቡን ክሮች በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ገምዶ ናስትሮ ይለብጥበታል፤ ሥራው አለቀ። ባለመኪናው ሁለት 4 ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ሆነው አምፕሊፋየሩን አያግሉበትም ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ኦም የድሮ ነገር ነው» ይባላል። ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ላይ ፊውዝ የለም፤ «ፊውዝ ድምፅ ይቀንሳል» ይላል ልጁ። ሞተሩ ሲነሣ ከስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ሲለቀቅ ይወፍራል። ይህ ባትሪውን ከሚሞላው አልተርኔተር የሚመጣ፣ ማይነሱ ቀለም ሳይፋቅለት ከመኪናው አካል ጋር በመታሰሩ የሚብስ ሁካታ ነው። ልጁም መድኃኒቱን ያውቃል፦ ሙዚቃውን ፉጨቱ እስከማይሰማ ድረስ ከፍ ማድረግ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ሳሎኑና የጎረቤት መኝታ ቤት በአንድ ብሎኬት ግድግዳ ይገናኛሉ። ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ቢሆንም፣ ሳብዉፈሩ ይህን አልሰማም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የጎረቤቱ አባወራ ጋቢውን ደርቦ፣ ፊቱን አጥቁሮ ሊወቅስ ይመጣል። «ኧረ ግባ፣ ደጃፍ ላይ አይወራም» ይባላል። ይገባል፤ ውኃ ይቀርብለታል፤ ቀጥሎም «እስቲ አንተ ፍረድ፣ ባሱ አያንስም?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥቂት ያዳምጣል፤ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይሰበስባል፤ የግራው ትንሽ የሚሰንፍ መሆኑን በጥንቃቄ ይናገራል። ሲወጣ የጠየቀው ዕቃውን የገጠመውን ልጅ ስልክ ነው።