ማስተካከያ፦ የነማራው ድንጋይ የኪንዳው ባለቅኔ አይደለም

ስለ ጥንታዊው የዐረብ ነገድ ስለ ኪንዳ የዘር ሐረግ ቀደም ሲል ባወጣሁት ጽሑፍ፣ በደቡብ ሶርያ ነማራ የተገኘው የመቃብር ድንጋይ ከኪንዳ የወጣው የዐረብ ባለቅኔ የኢምሩልቀይስ ነው ማለቴ ስሕተት ነበር። እርማቱ የተመሠረተው በድንጋዩ ጽሑፍ በራሱ ነው፤ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው፣ በናባጢ (በጥንቱ የፔትራ መንግሥት) ፊደል በዐረብኛ የተቀረጸው ይህ የአምስት መስመር ጽሑፍ ሟቹን ኢምሩልቀይስ የዐምር ልጅ፣ የዐረቦች ሁሉ ንጉሥ ይለዋል፤ ሞቱንም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ328 ያደርገዋል። ሊቃውንት ይህን ሰው ከሌላው የዐረብ ነገድ ከላኽም ነገሥታት ይቆጥሩታል። ባለቅኔው ግን የሑጅር ልጅ ሲሆን የኖረው በ6ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያሳሳተኝ የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ስለዚህ የኪንዳ መሪዎች በ4ኛው መቶ ዘመን ሶርያ ደርሰው ነበር ያልሁት ማስረጃ የለውምና ተሰርዟል። የዘር ቆጣሪዎች ሁለቱንም ነገዶች የደቡብ ዐረቦች አባት ወደሚባለው ወደ ቃሕጣን መውሰዳቸው ግን እንዳለ ይቆያል።