700ዎቹ የት ገቡ?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ የታሪክ ዝግጅት አቅራቢ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ግሪክን የወረረውን የፋርስ ጦር በቴርሞፒሌ ጠባብ መተላለፊያ የገቱት 300ዎቹ ስፓርታውያን ብቻ እንደሆኑ ሲተርክ ቆይቶ፣ አንድ አድማጭ አብረዋቸው ስለተዋጉት የቴስፒያ (የሌላ የግሪክ ከተማ) ሰዎች ቢጠይቀው እነሱ አጃቢዎች ስለነበሩ ከቁጥር እንደማይገቡ ነግሮ አሰናበተው።

አጃቢ! የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ እንደጻፈው፣ በሦስተኛው ቀን ፋርሶች ኤፊያልተስ የሚባል ከሃዲ መንገዱን እየመራቸው በተራራው ዞረው ከኋላ ሲመጡ፣ የስፓርታው ንጉሥ ሊዮኒዳስ አብዛኞቹን አጋሮቹን አሰናብቷል። በዴሞፊሉስ የሚመሩት 700 የቴስፒያ ሰዎች ግን አንሄድም ብለው እዚያው አለቁ። 700 ከ300 እንደሚበልጥ ለማወቅ የታሪክ ሊቅ መሆን አያሻም። (አብረው ቀርተው በመጨረሻ እጃቸውን የሰጡትን 400 የቴብስ ከተማ ሰዎች ለጊዜው ልተዋቸው።)

የቁጥሩ ነገር እንኳ ይቅር፤ ማን ካለው ምን ያህሉን ሰጠ? በዚያው በሄሮዶተስ ትረካ ስፓርታ 8,000 ያህል ወንዶች ነበሯት፤ ከእነዚህ 300 መላክ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም፤ የቀሩት ካርኔያ የሚባለውን ሃይማኖታዊ በዓል ያከብሩ ነበር። ቴስፒያ ግን ትንሽ ከተማ ናት፤ እነዚያ 700 ሙሉ ትጥቅ ለመታጠቅ አቅም ካላቸው ወንዶቿ አብዛኞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። በማግስቱ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479፣ ግሪኮች ፋርሶችን ድል ላደረጉበት ለፕላቲያው ጦርነት ያዋጣቻቸው 1,800 ሰዎች ከባድ የጦር ትጥቅ እንዳልነበራቸው ተጽፏል፤ የታጠቁትማ ከሊዮኒዳስ ጎን ወድቀዋል። ከቴርሞፒሌው ውጊያ በኋላም የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ቴስፒያን አቃጠላት፤ ስፓርታን እሳት አልነካትም። ሠራዊቷንም ቤቷንም የሰጠችው ከተማ አጃቢ ተባለች ማለት ነው።

ስፓርታውያን ሙያተኛ ወታደሮች ነበሩ የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ተናጋሪውን መልሶ የሚመታ ነው። እነሱ ሄሎት የሚባሉ ገባሮች እያረሱላቸው ከልጅነታቸው ለጦርነት ብቻ የሠለጠኑ ናቸው፤ የቴስፒያው ሰው ግን እርፉን ጥሎ ጋሻ ያነሳ ገበሬ ነው። ሞትን ሊሸሽ የሚችልበት መንገድ ተከፍቶለት ሳለ የቀረው ማን ነው? የሊዮኒዳስን ጀግንነት የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ንጉሥ የአገሩ ሕግ አታፈግፍግ ብሎት ሲሞትና ማንም ያላስገደደው ሰው ሲሞት አንድ አይደለም።

ግሪኮች ራሳቸው ለሊዮኒዳስ እ.ኤ.አ. በ1955 በቴርሞፒሌ ሐውልት ሲያቆሙ፣ ለቴስፒያ ሰዎች ያቆሙት በ1997 ነው። እነሱ በ42 ዓመት ዘግይተውም ቢሆን አርመውታል፤ የእኛ ተራኪዎች ምን እየጠበቁ ነው?